ማንም ያላየው ራስ

ለማንም ሳልነግር የኖርኩት ነገር ይህ ነው፤ ቅማሉ የእኔ ነበር።

ባለቤቴ ሳያውቀው ሞተ። ልጄም እስከዚህ ዓመት ድረስ አላወቀችም። እኔ ግን እያወቅኩ፣ ሰላም ሲሉኝ ደህና እያልኩ፣ ሲስቁ አብሬ እየሳቅኩ ኖርኩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው በዚህ በጋ ከልጄ ጋር የተጻጻፍነው ነው። እሷ ሩቅ ከተማ ከባሏ፣ ከትንሿ ልጇና ከአማቷ ጋር ትኖራለች። የእኔን ደብዳቤዎች መልሳ የላከችልኝ ራሷ ናት። ከእሷ ሁለቱን ብቻ አስገብቻለሁ፤ የቀሩት የትዳሯ ገመና ስለሆኑ እዚህ ቦታ የላቸውም። የጠየቀችኝን ከመልሴ መረዳት ይቻላል።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ድንኳን ስሰፋ፣ ሸራው ላይ የታተመውን ጽሑፍ አጠገቤ ያሉትን ሴቶች እየጠየቅኩ ነው። ጽሑፌም እንደ ድንኳን ስፌት ሰፋ ሰፋ ያለ ነው፤ የሚያነበውን ሰው ዓይን ይቅርታ እጠይቃለሁ።


ኅዳር 6 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ? ሚጢጢስ? አማትሽስ እንዴት ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ጠዋት ያኮርፋል እንጂ ከሰዓት በኋላ ይታረቀኛል።

መልሱን ስላዘገየሁ አትቀየሚኝ። የጠየቅሽኝን በግምት ከምመልስ ላጣራ ብዬ ወደ ንባብ ቤት ሄጄ ነበር። መጽሐፍ የሚያውሰው ሰውዬ እንደ ልማዱ “ዛሬ ደግሞ ምን እናንብብ እናቴ?” አለኝ። “ስለ ቅማል” አልኩት። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ። “አይዞህ፣ አይዘልም” ስለው አብረውት ያሉት ሁሉ ሳቁበት። መጽሐፉን ሲያቀብለኝ ግን ክንዱን ዘርግቶ ነው።

ለምን በስልክ እንዳልነገርሽኝ ገብቶኛል። አማትሽ እዚያው ሳሎን ተቀምጠው እንዴት ብለሽ ትነግሪኛለሽ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሚጢጢን አትላጪያት። ነጭ ጋዝ የሚባል ነገር ራሷ አጠገብ እንዳይደርስ፤ የበረሮ መርጫውንም ከቤትሽ አርቂው። ቅማሉን ሳይሆን ልጅቷን ነው የሚጎዱት። መምህሯ ስለ ንጽሕና የተናገረችሽን ደግሞ ከሆድሽ አውጪው። ቅማል ከቆሻሻ አይመጣም፤ የታጠበ ራስም ያልታጠበ ራስም ለእሱ አንድ ነው። አይዘልም፣ አይበርም። ራስ ከራስ ሲነካካ በእግሩ ይሻገራል፣ አለቀ።

ፀጉሯን አርጥቢና ኮንዲሽነር በደንብ ቀቢው፤ ቅማሉ መሮጥ ያቅተዋል። ከመስኮቱ ሥር ብርሃን ላይ አስቀምጪያት። ከማጅራቷና ከጆሮዋ ጀርባ ጀምሪ። ፀጉሩን በትንሽ በትንሹ እየከፈልሽ፣ ጥርሱ ደቃቅ በሆነው ማበጠሪያ ከሥር እስከ ጫፍ ሳቢው፤ በሳብሽ ቁጥር ነጭ ጨርቅ ላይ ጥረጊው። ፎረፎር ሲነኩት ይረግፋል፤ ፀጉሩን ሙጭጭ ብሎ የሚይዘው ቅጫም ነው። ዛሬ ጠራ ብለሽ እንዳትተይው። የቀረው ቅጫም ከሳምንት በኋላ ይፈለፈላል፤ ስለዚህ በየሁለት በየሦስት ቀኑ እስከ ሦስት ሳምንት ግፊበት። የትራስ ልብሱን በሙቅ ውኃ እጠቢ፣ ማበጠሪያውንም እንዲሁ።

ከማን መጣ ላልሽው መልስ የለኝም። ጥያቄውን ብትተይው ይሻልሻል። ይልቅ በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይታይ። ሁሉም ስልሽ ሁሉም ማለቴ ነው።

እናትሽ


ኅዳር 20 ቀን

እማዬ፣

ጉልበትሽ ታረቀሽ? እኛ ቤት እርቅ ጠፍቷል።

እንዳልሽኝ ሁሉንም አየሁ። ባሌን ሥራ ሳይሄድ በር ላይ ያዝኩት፤ ያለችው ፀጉር ለቅማል ቀርቶ ለማበጠሪያም አትበቃ፣ ቶሎ ጨረስኩ። ችግሩ እማማ ናቸው። ሻሽዎን ይፍቱልኝ ስላቸው የመጀመሪያው ቀን እንኳ ቀለዱ። “ቅማል ቢኖርብኝማ ምን ይግጣል? ሜዳው እኮ ጠፍ ነው” አሉኝ። ምንም አላገኘሁባቸውም።

ሚጢጢን በየሦስት ቀኑ ራሷን ጭኔ ላይ አስተኝቼ እቀምላለሁ። ይጠራል፣ ደስ ይለኛል። ከዚያ እንደገና ትልልቅ ሁለት ሦስት አገኛለሁ። ትልልቅ እኮ ነው የምልሽ፣ አዲስ የተፈለፈለ አይደለም። ከሰው ነው የሚመጣባት። ትምህርት ቤት እንዳልል ሳምንቱን ሙሉ ቤት ነው የዋለችው። አንድ አልጋ ላይ የሚተኙት እሷና እማማ ናቸው። ሌላ ማንን ልበል?

ሁለተኛ ጊዜ ሻሻቸውን ሳስፈታቸው አልቀለዱም። ሦስተኛ ጊዜ ስጠጋቸው ሳልጠይቃቸው ፈትተው አንገታቸውን ደፉልኝ። ማታ ትራሳቸውን ከሚጢጢ አልጋ አንስተው ሳሎን ሶፋው ላይ አደረጉት። አሁን ደግሞ ሻንጣቸውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አስወርደዋል። በሚመጣው ወር መጨረሻ ወደ ትልቁ ልጃቸው እሄዳለሁ ብለዋል። ባሌ “እናቴን እንደ ከብት ፈተሽሻት” ብሎ አኩርፎኛል። ሚጢጢ ታለቅሳለች። እኔ ግን እማዬ፣ ላንቺ ምን እደብቅሻለሁ፣ ቢሄዱ ይጠፋ ይሆናል እላለሁ።

የእኛም ቤት ቅማል የጠፋው የአጎቴ ልጅ ጭራሮ ከሄደች በኋላ አይደል? እሷ ወደ አክስቴ ከሄደች ወዲያ ራሴን ያሳከከኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። ተሳሳትኩ?

ልጅሽ


ታኅሣሥ 1 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ሁለት ጊዜ መልስ ጀምሬ ቀደድኩት። ይህኛው አጭር ቢሆን ይቅር በይኝ፤ እንዳይቀደድ ነው።

አዎ፣ ተሳስተሻል። ቅማሉ ከጭራሮ ጋር አልሄደም።

አማትሽን እንዳትሸኛቸው። ሻንጣውን መልሰሽ ቁም ሳጥኑ ላይ አውጪው። ምክንያቱን ግን አትጠይቂኝ። እሳቸው ከቤትሽ በዚህ ነገር ከወጡ፣ በኋላ ንጹሕ ነበሩ ብትዪ የሚሰማሽ የለም፤ አንቺም አትዪውም። አፍሽን ከፍተሽ ትዘጊዋለሽ። ይህን አውቃለሁ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሻለች። ጣሪያዬ ማፍሰሱን ትቷል፤ ሠሪው አሮጌ የድንኳን ሸራ ቆርጦ ደፈነው። ድንኳን ስሰፋ ኖሬ በስተርጅና ድንኳን ገባሁ ብዬ አሳቅኩት።

ለአማትሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ከልብ መሆኑን ንገሪያቸው።

እናትሽ


ታኅሣሥ 13 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

አትጠይቂኝ ብዬሽ ጠየቅሽኝ፤ የአባትሽ ልጅ ነሽ። “ታዲያ እንዴት ጠፋ?” የምትለውን አንዷን መስመርሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርሽም። መልሱን ሳልጽፍልሽ ብቀር አማትሽ ይሄዳሉ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

የድንኳን ሸራ አንድ ሰው አይሰፋውም። ወፍራም ነው፣ ገና ሲዘረጋ ክፍሉን ይሞላል። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዷ መርፌውን ትሰዳለች፣ ሌላዋ ከታች ተቀብላ ትመልሳለች። ዓይን ስፌቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጎንበስ ብለሽ ትውያለሽ፣ ግንባርሽ ከግንባሯ ጋር እየተጋጨ። ፀጉርሽን ሻሽ ውስጥ ብትከቺው ከሰዓት በኋላ ሻሹ ወደ ኋላ ይሸሻል። እኔ እንዲህ ነበር የምሠራው።

ጭራሮ የመጣችው አባቷ እንደሞተ ነው። እናቷ ቀደም ብላ አርፋለች። አባትሽ “ሰውነቷ ጭራሮ፣ ፀጉሯ ጫካ” ብሎ ስም አወጣላትና በዚያው ቀረ። አንድ ትራስ ላይ ነበር የምትተኙት። አንቺ ካለ እሷ አትበዪም ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ራስሽን እያከክሽ መልሰው ላኩሽ። ሁለታችሁን በር ላይ፣ ፀሐይ የሚገባበት፣ ዱካው በምንለው በርጩማ ላይ በየተራ አስቀምጬ አየኋችሁ። ሁለታችሁም ላይ ነበር። እኔ ደግሞ እንግዳዋ እሷ ስለሆነች ያመጣችውም እሷ ናት አልኩ። “እትዬ፣ ስመጣ አልነበረብኝም” አለችኝ። አንድ ጊዜ ነው ያለችው። እኔም አልጠየቅኳትም።

የእሷን ፀጉር በአባትሽ ምላጭ ላጨሁት። ያንቺን አበጠርኩት። የአንዱን ራስ ልጭት፣ የአንዱን ራስ ብጥር፣ አንድ በር ላይ፣ በአንድ ቀን። አላለቀሰችም። መሬት የወደቀውን ፀጉሯን በሁለት እጇ ሰብስባ “የት ላድርገው?” አለችኝ። እሳት ውስጥ ጨምሪው አልኳት። እናቷ ጎንጉናው የነበረ ፀጉር ነው።

ከዚያም ቅማሉ አንቺ ላይ ተመለሰ። እሷ ራሷ እንደ መዳፍ ተላጭቶ፣ አሁንም ከእሷ ነው ብዬ አመንኩ። ሰው ማመን የፈለገውን ሲያምን እንዲህ ነው። አባትሽ እህቱ ጋ ወሰዳት። ስትወጣ ከማንም ቀድማ ስንብቷን ጨርሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ከሄደች ብዙም ሳይቆይ ፊት ለፊቴ የምትሰፋው ሴት፣ መቀስ የምንላት፣ መርፌዋን አቁማ “እህቴ፣ ራስሽ ላይ የሚሄድ ነገር አየሁ” አለችኝ። ቀና አልኩ። “ምን ትደነግጫለሽ፣ እኔም አለብኝ። ይሄ ሁሉ የምታዪው ራስ አለበት። ከረመ እኮ” ብላ ስፌቷን ቀጠለች።

የቤቱን ሰው ሁሉ ራስ አይቻለሁ። የእኔን ግን ማንም አላየውም። የሚያየው ሰው የራሱን ራስ አያይም፤ ሌሎቹም እሱን ለማየት አያስቡም። ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ፣ ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ አበጠርኩ። ጨርቁ ላይ ያየሁትን አልነግርሽም። ከቤታችን የጠፋው ያኔ ነው።

በዚያው ምሳ ሰዓት አባትሽን “ልጅቷን መልሳት፣ ከእኔ ነበር” ማለት ነበረብኝ። ሲቀመጥ አፌን ከፈትኩ። ምን ሆንሽ አለኝ። ጨው አነሰው ወይ አልኩት። ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት እነግረዋለሁ አልኩ። ከዚያ እዚያ ትምህርት ጀመረች ተባለ፣ ታዲያ ምን ላፈናቅላት አልኩ። እንዲህ እያልኩ አደገች።

አባትሽ ሲሞት ለሐዘን መጥታ አይተሻታል። አንድ ነገር ግን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰዉ ሁሉ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስሞ ሲላቀስ፣ እሷ ሁሉንም እጃቸውን ነበር የምትስመው። አቅፈው ሊስሟት ሲሉ ራሷን ወደ ጎን ታርቃለች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ። ሰዉ “እንዴት ያለች ጨዋ” አለ። ጨዋነት አልነበረም። ራሷን ከሰው ራስ እያራቀች ነው። ያን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ልጄ፣ ሚጢጢን ስትቀምይ ራሷን ጭንሽ ላይ አስተኝተሽ ጎንበስ ትያለሽ። ያንቺን ራስ ማን አየው? ሂጂና አማትሽን ለምኛቸው።

እናትሽ


ጥር 3 ቀን

እማዬ፣

ይህን ያህል ዝም ስላልኩ ይቅርታ አልጠይቅም። ዝምታ አንቺም ትችያለሽ።

በመጀመሪያ የእማማን ልንገርሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ ወደ ሳሎን ሄድኩ። ሻንጣቸው ተከፍቶ ልብስ ያጥፋሉ። “እማማ፣ ራሴን ይዩልኝ” አልኳቸው። “ደግሞ አሁን ምን ልታደርጊኝ ነው?” አሉኝ። “ምንም። እኔን ያየኝ ሰው የለም” ስላቸው መነጽራቸውን ፈለጉ። ወለሉ ላይ ጉልበታቸው መሃል ተቀመጥኩ። ብዙም አልቆዩ፣ ጣታቸው ማጅራቴ ላይ ቆመ።

“ለካ መንጋው እዚህ ነው የሚግጠው” አሉ። “እኔን በራዬ ላይ ስትፈልጊ።”

አለቀስኩ። “ዝም በይ፣ ራስሽ ሲንቀጠቀጥ አይታየኝም” ብለው ማበጠሪያውን ተቀበሉኝ። ሲያበጥሩ እጃቸው ከባድ ነው፤ ግማሹ ቅማል ለማውጣት፣ ግማሹ ቂም ለመወጣት መሰለኝ። ይገባኛል። ባሌ ከሥራ ሲመጣ እንደዚያ ሆነን አገኘን። ሻንጣውን ዘግቶ ቁም ሳጥኑ ላይ መለሰው። ትራሱ ግን ገና ሶፋው ላይ ነው። እሱን አልነካሁም፤ ሲፈልጉ ራሳቸው ይመልሱታል።

አሁን ወደ እኔና አንቺ።

እኔም የማልነግርሽ ነገር ነበረኝ። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ “ማን ነው ያመጣብሽ?” ብለሽ ስትቆጪ፣ “ትራሷ ላይ አይቻለሁ፣ የጭራሮ ነው” ያልኩት እኔ ነኝ። ረስተሽዋል? ደብዳቤሽ ውስጥ የለም። አላየሁም ነበር። እንዳትቆጪኝ ነው። ከዚያ ፀጉሯ ሲላጭ አየሁ፣ ስትሄድ አየሁ። ያስባረርኳት እኔ ነኝ ብዬ ነው ያደግኩት፣ እማዬ። አንዲት ቃል ብትናገሪ ሁለት ልጅ ታሳርፊ ነበር።

ሥራ ይዤ ከቤት እንደወጣሁ ፈልጌ አግኝቼ ጻፍኩላት፣ ይቅር በይኝ ብዬ። “አንቺ ልጅ ነበርሽ” ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ እንጻጻፋለን። አልነገርኩሽም፤ ስሟ ሲነሳ ፊትሽ እንደ በር ይዘጋል፣ ጠልተሻት መስሎኝ። በየደብዳቤዋ መጨረሻ “እትዬን ሳሚልኝ” ትላለች። አንድም ቀን አልሳምኩልሽም።

ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ባል አላገባችም። ፀጉሯን አሁንም በነጭ ሻሽ ትሸፍናለች፤ የሥራው ደንብ ነው ትላለች።

እኔ አልነግርልሽም። በእኔ በኩል ሰላምታ እንደሚላክ አይላክም ይሄ። አድራሻዋ ከታች አለ። ደብዳቤዎችሽንም መልሼልሻለሁ፤ እንደ አዲስ ስትጽፊ እንዳታሳምሪው።

ልጅሽ


ጥር 19 ቀን

ከላይ “ይድረስ” ሳልል ጀመርኩ፤ እጄ እስኪለምደው ነው።

ልጄ ትናንት አጭር ወረቀት ልካለች። ሦስቱ ሳምንት አልቆ ነጩ ጨርቅ ላይ ምንም የለም። የአማቷም ትራስ ወደ ሚጢጢ አልጋ ተመልሷል። ከዚያ ሌላ የጻፈችልኝ የለም፤ ገና አልታረቀችኝም። አልፈርድባትም። ልጄ በሩ ላይ ያን ማለቷን እኔ ረስቼው ነበር፤ በልጅ አፍ የተነገረ አንድ ውሸት ለእኔ ሲመቸኝ ተቀብዬ፣ ተጠቅሜበት፣ ረሳሁት።

ለባለቤቴ እህት ስልክ ደወልኩ። ልጅቷን ‘ቅማል አመጣች’ በሚል ስም ተቀብላ ያሳደገቻት እሷ ስለሆነች ማወቅ ነበረባት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። “ማበጠሪያዋን ለብቻ፣ ትራሷን ለብቻ አድርጌ ነው ያሳደግኳት” አለችና ዘጋችው። እንደገና አልደወልኩም።

የንባብ ቤቱ ሰውዬ መጽሐፉን ስመልስለት “ጨረሱት?” አለኝ። መጽሐፉን አዎ አልኩት።

ዱካው አሁንም በሩ ላይ፣ ፀሐይ የሚገባበት ነው ያለው። ፀጉሬ ነጭ ሆኗል፤ የሚሄድ ነገር ቢኖርበት ከሩቅ ይታያል። በሩን ዘግቼ ካበጠርኩ ወዲህ ግን ማንም አላየውም፤ ለጎረቤቴ እንኳ እንድትጎነጉነው አልሰጠኋትም። መጥተሽ እዪልኝ ለማለት አፍ የለኝም። ካንቺ ሌላ ሰው እንዲያየው ግን አልፈልግም። ብትመጪ ዱካው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ባትመጪም ደህና፤ የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሰው ስትገናኚ ራስሽን አታርቂ። ሳሚያቸው፣ ይሳሙሽ። ስትመጪ አልነበረብሽም። ተናግረሽ ነበር፤ ሰምቼሽ ነበር። ቅማሉ ያንቺ አልነበረም።

ደብዳቤዎቹን በቀናቸው ደርድሬ፣ አንድም ቃል ሳላሳምር፣ እንደ ሸራ ጠርዝ በድርብ ክር ሰፍቻቸዋለሁ። እጄም ለመደ፤ አሁን ላዩ ላይ እጽፈዋለሁ።

ይድረስ ለባሌ ወንድም ልጅ፣ በዳቦ ቤት ለምትሠራው፣ ለጭራሮ።